ሦስት አምባር ለአራት ሰው

ትኬት የቆረጠው ደግአረገ ነበር፣
ደሞዝ በወጣ ማግሥት፣ ኪሱ ሳይደፈር፤
እኛ አራት ነን፣ እሱ ሦስት ይዞ መጣ።
«ራሴን አልቆጠርኩም» አለ፣ ላቡ እየወጣ።

ነሐሴ ነው። ሰማዩ እንደ ታጠበ ጋቢ
ሳይጨመቅ ተሰጥቷል ከለገሃር በላይ፤
ባቡር የማይደርስበት የአሮጌው ጣቢያ ግቢ
ዛሬ ሰው ሊያሳፍር ይመስል፣ የሰልፉ ጫፍ አይታይ።

ቢጫ የዝናብ ልብስ ያጠለቀች ልጅ በር ላይ ቆማ
ሰማያዊ የወረቀት አምባር ታስራለች፣ ስማችንን እንኳ ሳትሰማ።
«እኔ ልቅር»፣ «እኔ ስሞት!»፣ «ወላሂ አይሆንም»፣
እንደ ምሳ ሒሳብ ተናነቅንበት፤ ዝናቡ ግን አይጠብቅም።
ትርሲት ዳኘችን፦ «ወረቀት አይደል? እርጥበት ያላላዋል፤
አንዱ በተራ ይወጣል፣ አንዱ በተራ ይገባል።»
ደግአረገ ቀድሞ ቀረ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ፣
ከአጥሩ ቆርቆሮ ሥር፣ ከታክሲ ጠባቂ ተቀላቅሎ።

ገባን። በሞተ ፉርጎ ሆድ ውስጥ ሥዕል ተሰቅሏል፤
በሥዕሏ ሴት ዐይን ላይ ጣሪያው ያፈሳል።
ሠዓሊው ባልዲ ይዞ ሮጠ፣ ቆመ፣ አየ፣ ተወው፤
«ማልቀስ እንቢ ብላኝ ነበር» አለ፣ «ይኸው ዝናብ ጨረሰው።»
በድሮው የትኬት መስኮት አንዲት ገጣሚ ቆማለች፤
ከአድማጮቿ ስልክ ያልያዘ ውሻው ነው፤ ለሱ ታነባለች።

መድረኩ ላይ ክራሩ ከኪቦርዱ ጋር ይጣላል፣
አንዱ አንቺ ሆዬ ሲለው ሌላው ባቲ ይለዋል፣
ሳክስፎኑ እንደ ሽማግሌ መሀል ገብቶ ያስታርቃል።
የሰው ብር ሲቆጥር የሚውል፣ ያ ዝምተኛው ኑረዲን
ትከሻው ሲፈታ አየነው፣ ጭቃው ሲውጥ አንድ ጫማውን፤
በካልሲው ቀጠለ እንጂ፣ እኛን ሳቅ እያነቀን።

ተራዬ ደረሰ።

አምባሩ ከእጄ ሙልጭ አለ፣ እንደ ሳሙና፤
«ውጪው ይበልጣል» አለኝ ደግአረገ፣ ሲቀበለኝ፣ ፈገግ አለና።
ባለ ቢጫዋ አየችን።
ጃንጥላዋን አዞረች፤ አላየችንም።

ጀርባዬን ለቆርቆሮው ሰጠሁ። ከበሮው በአከርካሪዬ ገባ።
ቃሉ አይለይም፤ ዜማው ግን ከአጥሩ በላይ፣ ከጉም ጋር ተግባባ።
አንድ ሱቅ በደረቴ በማስቲካው ሣጥን ይመታል፣
የሚኒባስ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ሲል ልክ ምቱ ላይ ያርፋል፤
በቆሎ ጠባሿ ማራገቢያዋን በዜማው ልክ ታወዛውዛለች፤
«ማን ነው የሚዘፍነው?» ብላት፣
«እኔንጃ ልጄ፣ ብቻ እሳቴን አነደደልኝ» አለች።

ትርሲት ተራዋ ደርሶ ወጣች፤ አምባሯን ስትዘረጋልኝ
የልጁ ዐይን ተከተለው። ሣጥኑን ከአንገቱ አወለቀና አሸከመኝ።
ሮጠ።

ማስቲካ ሸጥኩ፣ ሶፍት ሸጥኩ፣ መልስ አብዝቼ ከሰርኩ፤
በአንድ ጫማ እያነከሰ ኑረዲን እስኪደርስልኝ ጠበቅኩ።
ቆጠረ። አሥራ አራት ብር ጎድሏል። ከኪሱ ሞላና
«ደረሰኝ ፈርምልኝ» አለ፣ ከምሩ፣ በዚያ ዶፍ፣ እጁን ዘረጋና።

ልጁ ሲመለስ ጠየቅነው። «ባቡር ላይ ተቀመጥኩ» አለ።
«ዘፈኑስ?»
«እሱማ፣ ከዚህም ይሰማ የለ!»

አራታችንም ውጪ ነን። አንድ በቆሎ ለሁለት፣
ሁለት ጃንጥላ ለአራት። የሚገባ ጠፋ። ማንም አላለ «ግቡበት»።

ሰኞ ጠዋት፣ እጄ አንጓ ላይ ሰማያዊ ቀለም፤
በሎሚ አሸሁት፣ በበረኪና አሸሁት፣ አለቀቀም።
አለቃዬ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ንቅሳት ነው?» አለኝ።
«አይ፣ ተራ ነው» አልኩት፤ ደግሞ አልጠየቀኝ።