የሚዛን ደብተር

ጀልባ ሲገባ ነው ሥራዬ ’ሚጀምር፣
ቅርጫት ተቀብዬ መዝኜ ስቋጥር።
ሠላሳ አራት ዓመት በዚህች ጠባብ ወደብ፣
ሚዛኑ ሲናገር እኔ ስጽፍ፣ ሳነብ፤
የሉዊዚያና መሬት ባሕር ’ሚሆንበት፣
ሣር በጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድርበት።

ደብተሩ ይኸው። ጥጉን ጨው በልቶታል።
ገጽ አርባ፦ የአልሲድ ጀልባ፣ አንድ ሌሊት፣
ሁለት ሺህ መቶ ፓውንድ ሽሪምፕ።
ከጎኑ ሚስቱ ኦዲል በእርሳስ፦
«ለበረዶው እንኳ ቦታ ጠፋ!»

ከዚያ ባዶ ገጽ።
መሐል ባሕር ላይ የብረቱ ማማ የነደደ ሰሞን፣
ከወለሉ የተቀደደው ቧንቧ
ወር አልፎ ወር ሲገባ ጥቁሩን ሲተፋ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስ እያሉ፣
የፈሰሰውን ዘይት እኛ አፈስነው አሉ።
ከሰማይ መድኃኒት በአውሮፕላን ረጭተው፣
ከዓይን ሰወሩት ከወለል አስተኝተው።
ለባለጀልባዎች መጣላቸው ካሳ፣
ቼኩ ወፈረና ባሕራችን ግን ከሳ።

መረብ ዓይን አለው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።
በሦስተኛው ዓመት ቱዬት ቅርጫቷን አስቀምጣ
አንዲት ሽሪምፕ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።
ጢሟ አለ። እግሯ አለ።
ዓይን ከሚበቅልበት ግን ምንም፣
ልሙጥ ቅርፊት ብቻ።
«ይህቺን ምን ብለህ ትጽፋታለህ?» አለችኝ።
ግማሽ ኦንስ ብዬ ጻፍኳት።
ደብተሬ ሌላ ዓምድ የለውም።

ባለሙያዎች መጡ፤ ከጭቃው ዝቀው
በጠርሙስ አሽገው ይዘው ሄዱ።
ውጤቱን ስንጠይቅ «ገና ነው» አሉን።
ገና፣ ስንት ገና አለፈ።

ገጽ ሃምሳ ሁለት፦ ሰባት መቶ።
ገጽ ስልሳ፦ አራት መቶ ሠላሳ።
ከዚያ አንድ መልካም ዓመት፤ ሁላችንም ዝም አልን፣
ሟርት እንዳይሆንብን፤
ቱዬት ብቻ አዲስ መረብ ገዛች፣ በዱቤ።
ከዚያ ሁለት መቶ።
ከተማው እንደሆን ሽሪምፕ አላጣም፤
ከባሕር ማዶ በረዶ ለብሶ
በእኛ የናፍጣ ዋጋ ግማሽ ይመጣለታል።

የበረዶው ፋብሪካ በር ላይ ተርብ ጎጆ ሠርቷል።
አልሲድ ኦዲል በሞተች በዓመቱ ጀልባውን ሸጠ፤
ነጩን ቦት ጫማ ግን አልሸጠም።
ማለዳ ማለዳ ተጫምቶት ይመጣና
ከጎኔ ይቀመጣል።
«ዛሬ ማን ገባ?» ይለኛል።
«ማንም» እለዋለሁ።
«ነገስ?» አይልም።

የተኛ ያድራል እንጂ የተኛ አይቀርም፣
ውሃ ሲናወጥ ከታች ያለው አይከርምም።
ትናንት ማታ ማዕበሉ ቀሰቀሰው።
ጠዋት መርከብ ማሰሪያው ሥር፣ ደረጃው ላይ፣
የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ጡጫ የሚያህል
ጥቁር ጓል ተበትኖ አገኘሁ።
አልሲድ በጫማው ጫፍ አንዱን ገለበጠው፤
ውስጡ ገና እርጥብ ነው።

ሚዛኑ ሥራ ፈትቶ ሰንብቷል።
ለቀምኩ፣ ጫንኩ።
አሥራ አራት ፓውንድ ከሩብ።
ደብተሬን ገለጥኩ፤ ቀኑን ጻፍኩ፤ ክብደቱን ጻፍኩ።
«ያስገባው» ከሚለው ሥር
የማንን ስም ልጻፍ?
እርሳሴን ቀርጬ
ቁጭ ብያለሁ።