አደጋ፦ ዝቅተኛ

ፎርሙ አራት ገጽ ነው። ማኅተም አለበት።
«የመንገዱ ስም» ይላል፤ መንገዱ ስም የለበት።
ከኮተቤ በላይ፣ አስፋልቱ ሲያልቅበት፣
ኮብልስቶኑ ደክሞ አፈር ሲውጥበት፣
ሜትሩን በኪሴ ይዤ፣ እርሳስ በጆሮዬ፣
ስንዱ በዊልቸሯ ወጣች ከኋላዬ።
ወንበሯ የቢሮ አይደል፤ ጎማው የብስክሌት፣
ወንድሟ የበየደው በትርፍ ጊዜው፣ ከብረት።
«አንተ በሜትር ለካ፣ እኔ በክንዴ» አለችኝ፤
ገና ሳንጀምር ነው ሥራ ያስተማረችኝ።

ጥያቄ አንድ፦ ስፋት። አንድ ሜትር ከሃያ፣
እስከ ወፍጮ ቤቱ። ይጠባል ከዚያ ወዲያ፤
ግራው የቆርቆሮ አጥር፣ ቀኙ ቦይና ጭቃ፤
አጥሩ መንገዱን በልቶ፣ በልቶ ገና አላበቃ።
«ውሻ አለ» ይላል በሩ። ውሻው ግን ውጭ ነው፣
የተጻፈበትን ሊያነብ የወጣ ነው።
ፎርሙ ላይ ለውሻ የሚሆን ሣጥን የለም፤
«ሌላ» ከሚለው ሥር ጻፍኩ፦ አይታመንም።

ጥያቄ ሁለት፦ ወለል። ኮረኮንች፣ ከዚያ መረሬ፣
ክረምቱ ያቦካው፣ ፀሐይ የጋገረው ዛሬ፤
ከላይ ዳቦ ይመስላል፤ ውስጡ ገና ሊጥ ነው፤
የፊቱን ትንሽ ጎማ ዋጥ አድርጎ አስቀረው።
ወደ ኋላ ሳብኩት። አልተንቀሳቀሰም።
«አትጎትት» አለችኝ፤ «ወንበር በቅሎ አይደለም።
ወዝወዝ አድርገኝ ቀስ ብለህ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፤
ጭቃ ጉልበት አይፈራም፤ ብልሃት ነው የሚፈራ።»
ወጣን። ፎርሙ ላይ የጭቃ አሻራ ቀረ፤
ከጻፍኩት መልስ ይልቅ እሱ ተናገረ።

ድንጋይ ካባው አፋፍ ገመቹ አስቆመን፤
ፊሽካውን ከከንፈሩ ነቅሎ ሰላም አለን።
«ስድስት ሰዓት ላይ ነው ድማሚት የምናፈነዳው፤
ሦስቴ ፊሽካ እነፋለሁ፤ ሰው ይሸሻል ሲሰማው።»
«የማይሰማውስ?» ብላ ስንዱ ጠየቀችው።
ዝም አለ። አሰበ። ቀይ ጨርቅ ፈለገ፤
ሸምበቆ ጫፍ አስሮ ከፍ አደረገ።
«ነገም እሰቅለዋለሁ» አለ። አላመንኩትም።
«ጻፍ» አለች ስንዱ፤ ጻፍኩ፤ መጻፍ አያስከፍልም።

ድልድዩ ሁለት ግንድ ነው፣ ባሕር ዛፍ፣ የተላጠ፤
አንዱ ደህና፣ አንዱ በምስጥ የተጋመጠ።
«ለዊልቸር ያሳልፋል?» ይላል፤ «አዎ» ወይ «አይ»።
ስንዱ ከወንበሯ ወርዳ ተቀመጠች ግንዱ ላይ።
በመዳፏ እየገፋች፣ በመቀመጫዋ፣
ስንዝር በስንዝር አለፈች፤ አልረጠበም ጫማዋ።
ወንበሯን እኔ ተሸክሜ፣ ጉልበቴ እየራደ፣
ልቤ ከእኔ ቀድሞ ሁለቴ ወረደ።
ማዶ ላይ ሆና፣ «ምን ልትጽፍ ነው?» አለች።
«አይ» አልኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች።
«‹አዎ› ካልክ ዋሸህ፤ ‹አይ› ካልክም ዋሸህ፤
እኔማ አልፌያለሁ፤ አንተ ነህ የራድህ።
ብቻዬን ብመጣ ግን ወንበሬ እዚያ ቀረ።
ይኼን ጻፍ።» ይኼን የሚችል መስመር አልነበረ።

ስንመለስ ሜዳ ነው፤ ሣር ነው፤ ምን ይመጣል?
«አደጋ፦ ዝቅተኛ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ አልቋል።
እርሳሱን ጆሮዬ ላይ ሳልመልሰው ገና
ቀኝ እግሬ ጃርት የቆፈረው ጉድጓድ ገባና

ቀጭ አለ።

መጀመሪያ አልሳቀችም። ቁርጭምጭሚቴን ነካች፤
«አልተሰበረም» አለች፤ ከዚያ በኋላ ሳቀች።
የቀረውን ሄድኩት የወንበሯን እጀታ ይዤ፣
ሜትሬንና ፎርሜን ጭኗ ላይ አስይዤ።
ያየን ሁሉ መረቀኝ፣ የምገፋት መስሎት፤
«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉኝ አንዲት እናት።
ስንዱ አላረመቻቸውም። እኔም አላረምኩም።
ጎታቼ እሷ ነበረች፤ አሜን አልኩ፣ ሌላ አልተናገርኩም።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ላጲስ ለመንኩ ከተማሪ፤
«ዝቅተኛ»ውን ፈተግሁት፣ እንደ እልኸኛ ጀማሪ።
ወረቀቱ ሳሳ፣ ሳሳና ተቀደደ።
ሌላ ፎርም የለኝም፤ ቀኑም መሸ፣ ሄደ።
የቡድን መሪው ነገ ቀዳዳውን ያየዋል።
ልክ ቦታው እሱ ነው፤ እግሬ ያውቀዋል።