ባሕር የሌለበት አገር

ፀሐይ ከሄደች ያን ዕለት ሰማንያ ቀን፤
እኩለ ቀን ላይ ነው መብራት ያበራን።
ቀይ ቀለም በተቀባች የእንጨት ቤተ መቅደስ
አሥራ አራት ሰው ነበርን፣ ከሕፃኗ እስከ እኔ ድረስ፤
ከኡፐርናቪክ ወዲያ፣ ከመንደሮች ሁሉ ጫፍ።
ካሌራቅ ነኝ፤ ሳምንቱን ዓሣ፣ እሑድ እገልጣለሁ መጽሐፍ።

ስለ ሰማይ ነበረ የዚያ ቀን ንባቡ፤
ስለ ወርቅ ጎዳና፣ ስለ ዕንቍ ግንቡ።
እኛ ከተማ አናውቅም፤ ወርቅ ማለት የጣት ቀለበት፣
ግንብ ማለት ተንሳፋፊው በረዶ፣ ወደባችን የሚዘጋበት።
ቢሆንም ሁሉም ሰማ፣ ራሱን እየነቀነቀ፤
«ሌሊት በዚያ የለም» ስል አንዱ ሽማግሌ ሳቀ፤
«ተመስገን!» አለ ጮክ ብሎ፣ «የናፍጣ ዕዳ አበቃ!»
ሚስቱ በክርኗ ጎሰመችው፤ እሱም ዝም አለ፣ በቃ።

ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ፣ መስመር በመስመር፤
በአዲሱ ሰማይ ሥር፣ በአዲሲቱ ምድር
ባሕር ከእንግዲህ የለም ይላል። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤
የወንዶቹ ሁሉ ዓይን በአንድ ጊዜ ፈጠጠ።

«ምን ልንበላ ነው?» አለ ሚኒክ፣ ወንበሩን ገፍቶ ተነሥቶ፤
«አቆስጣ ቁርበቱን ሰጠ፣ በእግዜር ድንኳን ላይ ተዘርግቶ፤
አሁን ከርስቱ ይነቀል? እኛስ ምን ልንሆን ነው በዚያ?
መረብ የማይጣልበት አገር ለምን ይባላል ማረፊያ?»

ፓኒንጓቅ ግን አለቀሰች፤ የእፎይታ ነው ልቅሶዋ፤
ሁለት ክረምት አለፈ፣ ውኃ ውስጥ ከቀረ ባሏ።
ውሾቹ ወጡ፣ መንሸራተቻውም፤ እሱ ብቻ አልወጣም።
አቃሉክን ያልመለሰ ባሕር መንግሥተ ሰማይ አይገባም፤
እንዲህ ያለች ይመስለኛል፣ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ።
እኔም ጠፋኝ የምለው፤ ለማን ልዘን? ለማን ላልቅስ?
ባሕር ለአንዱ ጓዳ ነው፣ ለአንዷ ግን መቃብር፤
በአንዲት ሰማይ ሁለቱን እንዴት ያኑር እግዚአብሔር?

ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ እጄ እንደ ሌባ እጅ ፈርቶ፤
በዙፋኑ ፊት አገኘሁ፣ እንደ ብርጭቆ ረግቶ፣
ባሕር! ጠርቶ የተኛ፣ እሳትም የተቀላቀለው፤
ድል የነሡት ከነበገናቸው የሚቆሙት በላዩ ነው።
አነበብኩላቸው። ማንም ምንም አልተናገረ፤
ነፋስ ብቻ ከበሩ ሥር እንደ ውሻ ይቆፍር ነበረ።

ኢቫሉ ናት የጠየቀች፤ ስድስት ዓመቷ ገና፤
«ብርጭቆ ማለት አዲሱ በረዶ ነው? ታች የሚያሳየው?» አለችና
እጇን ወደ መስኮቱ ዘረጋች። ያን ጊዜ ነው ያየነው፤
በደቡብ ጋራ ትከሻ ላይ ቀይ ክር የሚመስለው
ሰፋ፣ ቀላ፣ ፈሰሰ፤ ሰማንያ ቀን የጠበቅናት
ፀሐይ ግንባሯን ብቻ አወጣች፣ ጋራው ቀሚሷን እንደያዛት።

መዝሙር ሳይዘመር ወጣን፤ ጓንቱን የረሳም ነበር።
ወደቡ ከዳር እስከ ዳር፣ በዚያው ሳምንት የረጋ ባሕር፣
ጥቁር ብርጭቆ፣ ጥርት ያለ፤ እሳቱም በውስጡ ገብቶ
ወለሉ ሁሉ ነደደ፣ አንዲት ቅንጣት ሳይቀልጥ ከቶ።

ፓኒንጓቅ ከሁላችን ፊት በበረዶው ላይ ሄደች፤
ሁለት ክረምት ያልረገጠችውን፣ እያየች ወደ ታች።
ተንበርክካ መዳፏን ከብርጭቆው ላይ አኖረች፤
ምን አየሽ ያላት የለም፤ እሷም እስከ ዛሬ አልነገረች።
ሚኒክ ቆቡን አውልቆ ከጎኗ ሄዶ ቆመ፤
ያ የማያርፍ ምላሱ ያን ቀን በአፉ ውስጥ ታተመ።

እኔ ፍቺ አዋቂ አይደለሁም፤ ሊቅም አይደለሁ፤
ባሕር የለም የሚለው ቃል ላይ ዛሬም እደናቀፋለሁ።
ይህን ግን አውቃለሁ፦ ክብሩ ለሦስት ደቂቃ ቢታይ
የሚውጠን ባሕር ወለል ሆነ፤ ሁላችንም ቆምን በላይ።

ከዚያ ገባች። ብርዱ መጣ። ኢቫሉ እጄን ይዛ
«አለቀ?» አለች፣ ከጋራው አፋፍ ላይ ፈዝዛ።
«ነገ ጥቂት ትቆያለች፤ ከነገ ወዲያ ከዚያ በላይ፤
በግንቦት ወጥታ አትገባም» አልኳት፣ አንጋጥጬ ወደ ሰማይ።