ጠቃሽ

የቡናው ገለባ ተቃጥሎ አመድ ሆኖ፣
ከሲሚንቶው ጋራ በግራም ተመዝኖ፣
ሃያ ስምንት ሌሊት ገንዳ ውስጥ ከርሞ፣
ዛሬ ከመጭመቂያው ከብረት መሐል ቆሞ፣
ዝም አለ ኮንክሪቱ። መርፌው ወጣ፣ ወጣ፣
ጓ!
ነጃት ጻፈች ቁጥሩን፣ ከምኞቷ ዝቅ ብሎ የመጣ፤
ልትደልዘው ቃጣት፣ ግን አልደለዘችም።

በኪቶ ፉርዲሳ፣ በዓመቱ ሪፖርት ላይ፦
«ጽሑፍ፦ አንድ። ጠቃሽ፦ የለም።»

ስባሪው ከጓሮ ሰንብቶ ተከምሮ፣
ዘበኛው አባ ዲጋ በጆንያ ቋጥሮ፣
ቦዬ ወሰደና ከቀዩ ጭቃ ላይ
ከደጁ እስከ አስፋልት ደረደረው።

ሰኔ ነው፤ ጅማ ላይ ዝናቡ አላባራ፤
ልጁ ለፈተና በጠዋት ስትሄድ፣
ነጭ ካልሲ አድርጋ ከስባሪ ስባሪ ስትራመድ፣
ነጃት አላየችም።