ከዳር የቀረሁ ለታ

ከደሴ በሚኒባስ፣ ጉልበቴን ከሰው ጉልበት አጋጥሜ፣
ሐይቅ ከተማ ወረድሁ፣ ወንድሜን አስቀድሜ።
እሱ ስለት ነበረበት፣ እኔ አጃቢ ነበርሁ፤
እስጢፋኖስ ደጅ ስንደርስ፣ እሱ ገባ፣ እኔ ቀረሁ።

"ሴት አትገባም" አለኝ መነኩሴው፣ ቁጣ በሌለው ቃል፤
"ከዚህ ዛፍ ሥር ተቀመጪ፣ ከዚህም ይታያል።"
ተቀመጥሁ።
ድሮ ደሴት ነበር አሉ፣ በውሃ የታጠረ፤
ውሃው ሲሸሽ አንገት አወጣ፣ ከየብስ ጋር ታሰረ።
ቢታሰርም፣ ለኔ ግን
እንደ ጥንቱ ደሴት ነው፤
መሻገሪያው ሃያ እርምጃ፣
የማልራመደው።

የሐይቁ ጠባቂ መጣ፣ ጦይብ እንድሪስ ይባላል፤
ፊሽካ ባንገቱ፣ ደብተር በብብቱ፣ እያነከሰ ይሄዳል።
ስሜን ጻፈ፣ ቀኑን ጻፈ፤ "የመጣሽበት ጉዳይ?"
ምን እንደምል ጠፋኝና፣ ዓይኔን ጣልሁት ውሃው ላይ።
"ለማየት" ብሎ ጻፈልኝ።

ከዚያ ክልክሉን ዘረዘረ፦
ጠባብ መረብ ክልክል፣ ቄጤማ ማጨድ ክልክል፣
በመራቢያው ወራት ቆሮሶ መንካት ክልክል፣
ሳሙና ክልክል፣ እሳት ክልክል።
"ሴትስ?" አልሁት።
ሳቀ። "ውሃው ሴት ከልክሎ አያውቅም፤ አብሽሪ፤
ታንኳው ሁለት ይችላል፣ ጫማሽን አውልቀሽ ተሳፈሪ።"

በቀስታ ቀዘፈ። ውሃው እንደ ዘይት ተኛ፤
ከገደሉ ሥር ስንደርስ፣ አለቱ አፉን ከፈተ ለኛ።
ዋሻ ነው፤ ወለሉ ውሃ፣ ጣሪያው የሚርገበገብ ብርሃን፤
ጎንበስ ብለን ገባን፣ ወሬያችንን ከደጅ ትተን።
ጦይብን ግን ሳል ያዘው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳለ፤
ዋሻው እንደ ሽማግሌ "እህ፣ እህ፣ እህ" አለ።

ስንወጣ፣ ከቋጥኙ አናት ግንድ ተተክሎ አየሁ፣
ጫፉ ላይ ጥላሸት የለበሰ ፋኖስ። "የማን ነው?" ስል ጠየቅሁ።
"የዘሙ" አለ ጦይብ፣ መቅዘፊያውን አቁሞ፤
"ባሏ አሣ አጥማጅ ነበር፤ አንድ የጭጋግ ሌሊት፣ ቀድሞ፣
ዳሩ ጠፍቶት ሲዞር አደረ፣ ሲጣራ እየሰማችው፤
ጎህ ሲቀድ ታንኳው መጣ፣ ባዶውን ነው።
ከዚያ ወዲህ ላምባ ሲወደድ ከራቷ ቀንሳ
ታበራለች። ክረምት የለ፣ በጋ የለ፣ ሳትረሳ።
እኔ ደሞ ሕግ አስከባሪ! 'እሳት ክልክል ነው' ብዬ ሄድሁ፤
ወላሂ፣ አንድ ምሽት ላጠፋው መሰላሉን ወጣሁ።
አልለመነችኝም። 'አጥፋው' አለች፣ 'ግን አስቀድመህ
ውሃው ላይ ያሉትን ታንኳዎች ቁጠር፤ ስንት አየህ?'
ቆጠርሁ።
አራት።
አንዱ የልጄ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ዝም አለ። መቅዘፊያው ብቻ ተናገረ።
"ደብተርህ ላይ ምን ጻፍህ?" አልሁት።
"የቱ ደብተር?" አለኝ።

ወንድሜ ወጥቶ ነበር፣ ከዛፉ ሥር ይጠብቀኛል፤
ስለ ብራናው፣ ስለ መስቀሉ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው ያወራል።
"አሳዘንሽኝ፣ ከዳር ቀረሽ" አለ፣ ጠበሉን እያቀበለኝ።
እግሬ ገና እርጥብ ነበር፤ ምንም አልመለስሁለት።

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲይዝ፣ አንገቴን አዙሬ አየሁ፤
ጨለማው ግርጌ አንድ ነጥብ፤
ፋኖሷ ትሁን፣ የሰው ሞባይል፣ እርግጡን አላወቅሁ።
ቁጠሪ ያለኝ ሳይኖር፣ ተሳፋሪውን ቆጠርሁ።
አሥራ ስድስት።
አንዱ ወንድሜ ነበር።