የምድር ቤቱ ጽሑፍ

ተንደር ቤይ፣ ሐይቁ ሲጠቁር፣ በጥቅምት ማብቂያ ሰሞን፣
የአይሊ ማሞቂያ ሞተ፤ ሲያስል ነበር መሰንበቻውን።
ለብርድም ለሙቀቱም የተገዛ አንድ ዕቃ፣
ሁለቱንም በግማሽ የሚሠራ፣ ልክ እንደ ሰነፍ ጠበቃ።
የሰሜኑ መኝታ ክፍል አንድም ሌሊት ሞቆ አያውቅ፤
ውሻዋ እንኳ በሩ ላይ ቆሞ ያያል እንጂ አይዘልቅ።

አይሊ እህል ወደብ ላይ ነው፣ ክሬን ስትነዳ የኖረች፤
ክብደቱን ሳታውቅ ጭነት አንድ ቀን እንኳ ያላነሣች።
ስለዚህ ሦስት ሻጭ ጠርታ፣ ጠረጴዛዋን ጠርጋ
ጠበቀች፤ ማን እንደሚመዝን፣ ማንስ እንደሚጠራ ዋጋ።

የመጀመሪያው ትሬንት ነው፤ ጫማው የሚያበራ እንደ ብርጭቆ፣
ፈገግታው ከሱ ቀድሞ ገባ፣ ሳሎን ደረሰ ዘልቆ።
«ዛሬ ካልፈረሙ፣ እመቤቴ፣ ነገ ቅናሹ የለም» አለ፤
ታብሌቱን እየዳሰሰ ቁጥር በቁጥር ላይ አከለ።
መስኮት አልቆጠረም፤ ጣሪያ ቀና ብሎ አላየ፤
ሶፋው ላይ እንደ ተቀመጠ የቤቱን ሕመም ለየ።
«ላስብበት» ብላ ሸኘችው። ሲሮጡ የታጠቁት ነገር
ሲሮጡ እንደሚፈታ ለክሬን ሰው አይነገር።

ቀጥላ ዴርድሬ መጣች፤ ወረቀቷ ሁሉ ሙሉ፣
ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ ዋስትና፣ ተሰድረው በየፋይሉ።
መለካትስ ለካች በደንብ፤ መስኮቱን፣ በሩን፣ ግድግዳውን፤
ምንም አላጎደለችም። (እዚህ ላይ ልንገርህ እውነቱን፤
እኔ ብሆን እፈርም ነበር፤ ከዚህ በላይ ሰው ምን ያሻዋል?)
አይሊ ግን ጠየቀቻት፦ «ሥራሽ ተበላሽቶ ያውቃል?»
ዴርድሬ ፈገግ ብላ፣ «በጭራሽ፣ አንድም ቀን» አለች።
አይሊም ጽፋ ያዘች፤ ከስሟ ጎን የጥያቄ ምልክት አኖረች።

ሦስተኛው አርፍዶ መጣ፤ ላውሪ ይባላል፣ ጉልበቱን ያመዋል፤
ሰላም እንዳለ ወዲያው፣ «ምድር ቤቱ የት ነው?» ይላል።
ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ እኛ ዘንድ?
ደረጃውን በጎኑ ወረደ፤ ባትሪ ባንድ፣ ሜትር ባንድ
እጁ ይዞ። ከዚያ ዝም አለ።
አምስት ደቂቃ። ዐሥር። ዝም አለ።
አይሊ ከላይ የቆርቆሮ ኳኳታ፣ ከዚያም ዝምታ ብትሰማ
ወረደች፤ አገኘችው ተንበርክኮ፣ ባትሪው በርቶ በጨለማ።

አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠርጎ አንድ ጽሑፍ ያነባል፤
በማርከር፣ በችኮላ እጅ፣ ቀን፣ ስም፣ ፊርማ ይላል።
«ይሄ» አለ፣ «የኔ እጅ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው።
ወደ ሰሜን የሚሄደውን ቱቦ ያጠበብኩት እኔው።
ዓርብ ነበር፤ ሰፊው ቱቦ አለቀ፤ ሰኞ መምጣት ነበረብኝ፤
በእጄ ባለው ገጠምኩና ሄድኩ። ሰዎቹም መልሰው አልጠሩኝ።
አዲስ ማሞቂያ ብትገዢ ያ ክፍል አሁንም አይሞቅም፤
ቱቦውን እኔ አድሳለሁ፤ ለሱ ግን አላስከፍልም።»

አይሊ ዝም ብላ ቆየች። ዝምታ ሁሌ ይሁንታ አይደለም።
«ዘጠኝ ዓመት በረደኝ ባንተ» አለች፤ ድምፅዋ አልለሰለሰም።
«አዎ» አለ።
ሌላ ቃል አልጨመረም።
ከዚያ ወጥቶ መስኮት ቆጠረ፤ ጣሪያ ለካ፤ ጻፈ፤ ሰረዘ፤
ዋጋው ከሁለቱ መሃል ሆነ፤ ወረቀቱን ሰጥቶ ባርኔጣውን ያዘ።

ጎረቤቷ ዊኒፍሬድ ሰምታ፣ «አብደሻል እንዴ?» አለቻት፤
«ያበረደሽን ሰውዬ መልሰሽ ቤትሽ ማስገባት?»
አይሊ ሻይዋን አማሰለች፤ «የላውሪ ስሕተት ተለክቷል፤
ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፤ ምድር ቤቴ ውስጥ ተቀምጧል።
የሴትዮዋን ግን ፈለግኩት፤ ከየትም ከየትም አጣሁ፤
ምን ያህል እንደሚከብድ ሳላውቅ እንዴት አድርጌ አነሣለሁ?»

በታኅሣሥ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ የሆነ ለታ፣
ክፍሉ ሞቀ። (ፋኑ ግን ቲክ ቲክ ይላል፤ ስልክ ደውላ ጠርታ
ሁለቴ መጣ፣ አንዱን በእሑድ፣ ጉልበቱን በእጁ እያሸ፤
ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ «ጠፍቷል» ብሎም አልዋሸ።)
ከአሮጌው ጽሑፍ ጎን ዛሬ ሌላ ጽሑፍ አለ በማርከር፦
ቀን፣ ስም፣ ፊርማ፣ የቱቦው ስፋት፤ ከሥሩም ስልክ ቁጥር።

ውሻው ግን አሁንም በሩ ላይ ቆሞ ውስጡን ያሸታል፤
አንድ እግሩን ያስገባል፣ ያወጣል።
እሱም የራሱ ሚዛን አለው መሰል፤
ገና ይመዝናል።