ከባልዲው የሚጣራ

ቴርሆ ጎማ ፈታ፣ በረዶው ሳይፈታ፣
ኢናሪ ሐይቅ ዳር ላይ፣ ጨለማ ሳይረታ።
የራውኒ መኪና ብርቱካን መብራቷ
ሁለት ክረምት ኖረች በጥቁር ቴፕ ታፍና።
«ባሌ ነው የለጠፈው» አለች አሮጊቷ፣
«የሚያወራ ጎማ ምን ያደርጋል አለና።»

ከየጎማው ሆድ ዕቃ አራት ሴንሰር ወጣ፣
አውራ ጣት የሚያህል፣ ጨው በልቶት የነጣ።
እኔ፣ ተለማማጁ፣ ባልዲ ውስጥ ወረወርኩ፤
«ሞተዋል» ብሎኛል፤ ሞተዋል ብዬ አመንኩ።

አዲሶቹን ቴርሆ ከቫልቩ ጋር ገጥሞ፣
ጎማውን አልብሶ፣ አየር ነፍቶ ደግሞ፣
መሣሪያውን ጨብጦ በየእግሯ ዞረ፣
የእያንዳንዱን ቁጥር ላንጎሏ ነገረ።
ፊት ግራ፦ እሺ አለች። ፊት ቀኝ፦ እሺ። ኋላ ቀኝ፦ እሺ።
ኋላ ግራ፦ ዜሮ።
ደግመን ሞላን። ዜሮ።
ቴርሆ ቁጥሩን አየ፣ ጺሙን እየፈተለ፣
«ይሄ የድሮው ነው» አለ።

ሁለታችንም ዞረን ባልዲውን አየነው፦
አንዱ አልሞተም ኖሯል።
ጎማ የሌለው፣ አየር የሌለው፣
ዜሮውን ይልካል። ደግሞም አልዋሸም።

ባልዲውን አንጠልጥዬ፣ ከእንጨት ክምሩ አልፌ፣
ሐይቁ ላይ አኖርኩት፣ በረዶ ቀዝፌ።
ስመለስ ተስማምታለች። በቴፑ ጠርዝ ዙሪያ
ይፈስ የነበረው ብርሃን ጠፍቷል።
ቴርሆ ቴፑን ሊልጥ ጥፍሩን ሲያስጠጋ፣
«ተወው» አለች ራውኒ።
«የሚሸፍነው የለም'ኮ።»
«ቢሆንም።»
ሞተር አስነሳች፤ ከዚያ መስኮት ዝቅ አድርጋ፦
«ያ ባልዲ ውስጥ ያለው፣ እስከ መቼ ይጣራል?»
ቴርሆ ትከሻውን ሰበቀ፦ «ዓመት ይቆይ ይሆናል።»
ራሷን ነቀነቀች።
በሐይቁ በኩል ዞራ ሄደች፤
ያ መንገድ ይረዝማል።